ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ከዱባይ ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ለልጆቹ ጫማ፣ ለእናቱ ሻርፕ፣ ለእኔ ደግሞ ሽቶ ነበር። ከሽቶው ካርቶን ጎን በካልሲ የተጠቀለለች ትንሽ ቀይ ጠርሙስ ነበረች። እሷን የሰጠኝ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ፊቷ ላይ የእሳት ነበልባል ተስሏል።

«ሻጩ ለሚስትህ ይሄ ነው አለኝ። ያሞቃል አለ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ከዚህ ሰው ጋር ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ። ያፈረበት ነገር ሲኖር የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል። ያን ማታም ቁልፉን ሲነካካ ሳይ ሆዴ ባባ። ምክንያቱም ጠርሙሷ ለምን እንደተገዛች አውቃለሁ፤ በግንኙነት ጊዜ የሚቀባ፣ የሚያሞቅ ማለስለሻ ጄል ናት።

አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ ከሁለት ዓመት ወዲህ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ከሱ ጋር ሌላም ነገር መጣ፤ ድርቀት። ግንኙነት ስናደርግ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀኝ ጀመር። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። እሱ ወደ መኝታ ሲመጣ እንቅልፍ የወሰደኝ መሰልኩ። አንዳንድ ማታ ደግሞ ሆን ብዬ ልብስ ማጠፍ አበዛለሁ። እሱ የሰለቸኝ መሰለው። ሁለታችንም ዝም አልን። ሲብስበት ሰው አገር ሄዶ፣ ከማያውቀው ሻጭ ፊት ቆሞ፣ ይህችን ጠርሙስ ገዛ። ለሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሳላነብ ከፈትኳት። ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ አስራ ሰባት ዓመቴ ነው። የማላውቀውን መድኃኒት ሳላነብ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ያን ማታ ግን ለራሴ አላነበብኩም።

መጀመሪያ ደስ የሚል ለብታ ነበር። ደቂቃም ሳይቆይ ሙቀቱ ጨመረ። ከዚያ መለብለብ ጀመረ። ልክ ሚጥሚጣ የነካ እጅ ዓይን ሲነካ እንደሚሆነው። ተነስቼ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ባለቤቴ ከኩሽና ጀሪካን ተሸክሞ መጣ፤ በጣሳ እየቀዳ ያቀብለኛል፣ እኔ እታጠባለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይላል። ከማቃጠሉ ይልቅ የሱ ድምጽ ነው ያስለቀሰኝ። መለብለቡ በዚያው ሌሊት በረደ። ማሳከኩ ግን ሁለት ቀን ቆየ።

በሦስተኛው ቀን ጠርሙሷን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሥራ ቦታ ወሰድኳት። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ደንበኛ ሲቀንስ፣ ከባልደረባዬ ጋር ጀርባዋን በማጉያ መነጽር አነበብን። ፊደሉ እንደ ጤፍ ነው። የመጀመሪያው ፕሮፒሊን ግላይኮል ይላል፤ እንደ ግሊሰሪን ውሃ የሚስብ ፈሳሽ ነው። ቀጥሎ ግሊሰሪን። ከዚያ ማር። አዎ፣ ማር። መጨረሻ ላይ ደግሞ ካፕሲከም፤ የበርበሬ ጭማቂ ማለት ነው። ውሃ የሚል ቃል የለም። በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ውሃ «አኳ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። አኳ የለም።

ባልደረባዬ እጄን ዘርጊ አለችኝ። ከመደርደሪያው ግሊሰሪን አወረደች። ያ ሁላችሁም የምታውቁት፣ ለተረከዝና ለከንፈር የምንቀባው ግሊሰሪን ነው። ደረቅ መዳፌ ላይ አንድ ማንኪያ ያህል አፈሰሰች። ምንም የለም። ጥቂት ውሃ ጨምራ አሸችው። በጣም በስሱ ለብ አለ። ከዚያ ከቀይዋ ጠርሙስ በሌላው መዳፌ ላይ ጠብ አደረገች። በደረቁ ምንም። ውሃ ሲነካው ሞቀ። በደንብ ሞቀ።

እነዚህ ነገሮች ከውሃ ጋር ሲዋሃዱ ሙቀት ይለቃሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ ያልገባው ለዚህ ነው፤ ውሃ ቢኖርበት ሙቀቱ እዚያው ጠርሙስ ውስጥ ያልቅ ነበር። ታዲያ ሲቀቡት ውሃውን ከየት ያመጣል? ከተቀባው ሰው ገላ ነው። በኔ ሁኔታ ደግሞ ቀድሞውኑ ከደረቀ ገላ።

ይህ ነገር ሲገባኝ ቁጭ አልኩ።

ቋንጣ ስንዘለዝል ጨው የምንነሰንሰው ለምንድን ነው? ጨው የሥጋውን ውሃ ስቦ እንዲያወጣ አይደል? በተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሳችሁ ትንሽ ብታቆዩት ሳህኑ ውሃ ይሞላል። ውሃው ከቲማቲሙ ሴሎች የወጣ ነው። ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል የበዛበት ማለስለሻም ስስ በሆነ ገላ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የላይኛውን ሽፋን ሴሎች ውሃ ይመጥጣል። ሴሎቹ ይኮማተራሉ፣ ይረግፋሉ። ለጊዜው የለሰለሰ ይመስላል። በኋላ ግን የበለጠ ይደርቃል፣ ይቆስላል።

ይህን የሚለካ ቁጥር አለ፤ ኦስሞላሊቲ ይባላል። ፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ነገር ምን ያህል እንደበዛ ይናገራል። የደማችን ከ280 እስከ 295 አካባቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ ጋር በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር የማለስለሻ ጄል ቁጥር ከ380 ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ብዙ ምርቶች ከዚያ በላይ ስለሆኑ ግን እስከ 1200 ድረስ ይቻላል ብሏል። የሚያሞቁ ተብለው ከተሸጡት መካከል በላቦራቶሪ ሲለኩ ከ8000 በላይ የሆኑ አሉ። ስምንት ሺህ! ይህን ቁጥር ሳነብ ያን ማታ የደረሰብኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ።

ችግሩ፣ ይህ ቁጥር አብዛኞቹ ጠርሙሶች ላይ አይጻፍም። ስለዚህ በሌላ መንገድ መገመት አለብን። የተጻፉት ነገሮች ቅደም ተከተል የዘፈቀደ አይደለም፤ በብዛት ያለው ቀድሞ ይጻፋል። መጀመሪያ «አኳ» ካለ ጥሩ ምልክት ነው። መጀመሪያ ፕሮፒሊን ግላይኮል ወይም ግሊሰሪን ካለ፣ አኳ ደግሞ ጭራሽ ከሌለ፣ ያ ጄል ሙቀቱን የሚያገኘው የእናንተን ውሃ ጠጥቶ ነው። ያው ምክር ግሊሰሪን ከመቶ 9.9፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል ከመቶ 8.3 እንዳያልፍ ይላል። መጠኑ በመቶኛ የተጻፈበት ምርት ካገኛችሁ በዚህ መዝኑት።

የበርበሬው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ሙቀት አይፈጥርም። የሚያደርገው ነርቭን ማታለል ነው። በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር ነው። ገላችን ውስጥ 43 ዲግሪ ገደማ የደረሰ ሙቀት ሲነካን «ተቃጠልክ!» ብሎ የሚጮህ የነርቭ በር አለ። ካፕሳይሲን ያንኑ በር ይከፍተዋል። ገላው አልሞቀም፣ ነርቩ ግን ሞቀ ይላል። ይህን በር ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። የቀዝቃዛው በር ደግሞ በሜንቶል ይከፈታል። ስለዚህ «ያቀዘቅዛል» የሚሉትም ያው ናቸው።

እኔ ምላስ በለመደው ነገር ብልትም ይለምዳል ብሎ ማሰብ ልክ አይመስለኝም። እኛ ሚጥሚጣ የምንልስ ሕዝብ ነን። ግን የብልት ሽፋን ስስ ነው። በማረጥ ጊዜ ደግሞ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ የባሰ ይሳሳል። ለሃያ አምስት ዓመት ሴት ደስ የሚል ለብታ የሆነ ነገር ለእኔ እሳት ነው። የምታጠባ ሴትም እንደዚሁ ናት፤ በማጥባት ጊዜም ኤስትሮጅን ዝቅ ይላል። የአለርጂ መድኃኒት የሚወስዱም አንዳንዶቹ ይደርቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 65ቱ ተገርዘዋል። ጠባሳ ያለበት ገላ አይለጠጥም፤ ቶሎ ይሰነጠቃል። እንዲህ ላሉ እህቶቼ ጥሩ ማለስለሻ ቅንጦት አይደለም፤ ስቃይ መቀነሻ ነው። የሚያሞቀው ግን አይሆንም። ጠባሳ ላይ በርበሬ አይቀባም። ሕመሙ ብርቱ ከሆነ ደግሞ የማህፀን ሐኪም ይየው።

ከዚያ በኋላ ሥራ ቦታዬ ላይ ጆሮዬ ተከፈተ። ድሮ ሰው ሲያንሾካሹክ እኔም አብሬ አንሾካሹክና ቶሎ እሸኝ ነበር። አሁን እጠይቃለሁ።

አንድ ቀን ነጠላ የለበሱ እናት መጡ። ስልሳ ይሆናቸዋል። ሰው እስኪወጣ ጠበቁ። «ልጄ፣ ለጉልበቴ የሚሆን ቅባት ስጪኝ» አሉኝ። የጉልበት ቅባት ሳወርድ ግን «የማያቃጥል ይሁን» አሉ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ።

«እማማ፣ ለጉልበት ነው ወይስ ለሌላ ነው?» አልኳቸው፣ ድምጼን ዝቅ አድርጌ።

«ሽማግሌው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤት ነው የሚውሉት» አሉኝ። ከዚያ በላይ አላሉም። ከዚያ በላይም አያስፈልግም።

ቀስ በቀስ ነገሩኝ። መጀመሪያ ለጋ ቅቤ ሞከሩ። ከዚያ ጎረቤታቸው ሜንቶል ያለበትን የጉልበት ቅባት ሰጠቻቸው፣ «ደም ያዘዋውራል» ብላ። ሌሊቱን ሙሉ ሲለበልባቸው አደረ። የጉልበት ቅባት ለጉልበት ነው። እባካችሁ፣ ለጉንፋን የሚታሸውም ሆነ ለጡንቻ የሚቀባው እዚያ ቦታ አይድረስ።

ለእሳቸው የሰጠኋቸው ተራውን፣ ሽታ የሌለውን፣ ውሃ ላይ የተመሠረተውን ጄል ነው። «የምስር ፍሬ የምታህል ይጀምሩ፤ ከደረቀ ጥቂት ውሃ ያስነኩት ወይም ይጨምሩበት» አልኳቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሄደው ስለ ድርቀቱ እንዲናገሩ ለመንኳቸው። ጄል የሚረዳው ለዚያች ሰዓት ነው። ድርቀቱን በየሁለት ሦስት ቀኑ እየተቀቡ የሚያርሱት ሌላ ዓይነት ምርት አለ። በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ፣ እዚያው ቦታ ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ መጠን ያለው የኤስትሮጅን ክሬምም አለ። የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት ግን ከሐኪሟ ጋር ሳትነጋገር አትጀምረው። እኔም ሄጃለሁ። «ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አለችኝ ሐኪሟ። «ሁለት ዓመት» ስላት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። «ሁለት ዓመት ሙሉ እያመመሽ?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ወጣቶቹ ዘንድ ያለው ችግር ሌላ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ አንድ ልጅ ይመጣል፤ ኮንዶምና የሕፃናት ቅባት በአንድ ላይ ያስቀምጣል። «ወንድሜ፣ ሁለቱ አብረው አይሄዱም» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። ግን እነግረዋለሁ። የተለመደው ኮንዶም ላቴክስ ከሚባል ጎማ የተሠራ ነው። ዘይት ጎማን ያበላሻል። በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርመራ እንዳሳየው፣ ላቴክስ ኮንዶም ለ60 ሰከንድ ብቻ የማዕድን ዘይት ሲነካው ጥንካሬው ከመቶ 90 ያህል ቀነሰ። የሕፃናት ቅባት ማለት በአብዛኛው ያው የማዕድን ዘይት ነው። ቫዝሊን፣ የኮኮናት ዘይት፣ የወይራ ዘይት፣ ቅቤ፣ ሎሽን፣ ሁሉም ያው ናቸው። ከላቴክስ ጋር የሚሄደው ውሃ ላይ ወይም ሲልኮን ላይ የተመሠረተው ብቻ ነው። የሚያሞቁትም መካከል ዘይት ያለባቸው ስላሉ ጀርባው ላይ ለላቴክስ ኮንዶም እንደሚሆን ካልተጻፈ አትመኑት።

ከጥንዶቹ አንዱ ኤችአይቪ በደሙ ካለበት ይህ ነገር የበለጠ ክብደት አለው። የተላጠ፣ የቆሰለ ሽፋን ለቫይረስ በር ይከፍታል። የሚያቃጥል ነገር ተቀብቶ «ደስታው ነው» ማለት አይገባም። ኖኖክሲኖል-9 የሚል ካያችሁም መልሱት። የወንድ ዘር ገዳይ ነው። ድሮ ኤችአይቪንም ይከላከላል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. ደርባን ላይ በተደረገው የኤድስ ጉባኤ ግን በቤኒን፣ በኮትዲቯር፣ በደቡብ አፍሪካና በታይላንድ ሴቶች ላይ የተደረገው ሙከራ ተቃራኒውን አሳየ። አዘውትረው የተጠቀሙበት ሴቶች የበለጠ ተጋለጡ። ሽፋኑን ስለሚያቆስለው ነው።

ስለ ፒኤች ባጭሩ። ፒኤች የኮምጣጣነት መለኪያ ነው። የሴት ብልት በጤናው ጊዜ ትንሽ ኮምጣጣ ነው፤ ከ3.8 እስከ 4.5። ያ ኮምጣጣነት ነው ክፉ ባክቴሪያን የሚያርቀው። ስለዚህ ለዚያ ቦታ የሚገዛ ጄል ወደ 4.5 የቀረበ ይሁን። ልጅ ለመውለድ እየሞከራችሁ ያላችሁ ደግሞ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጄሎች በላቦራቶሪ ሲሞከሩ የወንድ ዘርን እንቅስቃሴ ያዳክማሉ። ለእርግዝና ለሚሞክሩ ተብለው የተዘጋጁ አሉ።

ባሎችም ብትሆኑ ስሙኝ። የሚያሞቀው ነገር ለሚስት ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው። እጅን ሳይታጠቡ ዓይን መንካት፣ ሕፃን ማቀፍ፣ የዓይን ሌንስ ማውለቅ አይቻልም። ካፕሳይሲን በውሃ ብቻ ቶሎ አይለቅም፤ ለእጅ ሳሙና ያስፈልገዋል።

እንግዲህ እንዲህም ሆኖ «እኔ ግን የሚያሞቀውን መሞከር እፈልጋለሁ» የምትሉ ትኖራላችሁ። አልከለክልም። ጤነኛ ገላ ያላችሁ፣ በርበሬም ሆነ ቀረፋ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለበትን ካገኛችሁ፣ በልክ መሞከር ይቻላል። ግን የመጀመሪያው ቀን መኝታ ላይ አይሁን። ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ በክርናችሁ ውስጠኛ በኩል የምስር ፍሬ የምታህል ቀቡ። ቦታውን በትንሽ ውሃ ቀድማችሁ አርጥቡት፤ በደረቁ ሙቀቱን አታዩትም። እስከ ነገ ጠዋት ጠብቁ። ከቀላ፣ ካበጠ፣ ካሳከከ ጠርሙሱ ወደ ቆሻሻ ይግባ። ደህና ከሆነ ለሁለተኛው ሙከራ ከውጭ በኩል ብቻ፣ ያችኑ ያህል። ደቂቃዎች ጠብቁ። ከተስማማ በኋላ ነው ሌላው። በተላጨ ቀን፣ ቁስል ወይም ፈሳሽ ባለበት ጊዜ፣ ከወሊድ በኋላ ገና ባልዳነ ገላ ላይ በፍጹም አይነካ። ሁለት ዓይነት ጄል አታደባልቁ። የፈንገስ ኢንፌክሽን የሚመላለስባችሁ ደግሞ ማርና ሌላ ስኳር ያለበትን ተዉት።

ካቃጠለ አትታገሡ። «ይለምድልኛል» አትበሉ። አቁሙ፣ በቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ ከውጭ በኩል በደንብ ታጠቡ፣ ንጹህ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ አስቀምጡበት። ሳሙና ወደ ውስጥ አታስገቡ። ሎሚም፣ ቅቤም፣ እርጎም አታድርጉ። በረዶ በቀጥታ አታስነኩት። መለብለቡ በሰዓታት ውስጥ ካልበረደ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ ሽንት ሲሸኑ ካቃጠለ ሐኪም ቤት ሂዱ። ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ወዲያው ሩጡ። ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ጀርባውን ማንበብ አለበት።

በቴሌግራም እየታዘዘ በሞተር ቤት ድረስ የሚመጣውን አልወደውም። አንዲት ደንበኛዬ ያሳየችኝ ጠርሙስ ላይ ከነበልባል ሥዕልና ከዋጋ በቀር ምንም አልተጻፈም። ምን እንዳለበት የለም። የሚያበቃበት ቀን የለም። እንዲህ ያለው ነገር ገላ ላይ አይነካም። የተጻፈበት ሲሆን ደግሞ ክዳኑ የተከፈተ ጣሳ ሥዕል ፈልጉ። ውስጡ «12ኤም» ካለ፣ ከተከፈተ በኋላ ለ12 ወር ብቻ ነው ማለት ነው። የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። መኪና ውስጥ፣ መስኮት ዳር አታስቀምጡት።

እኛ ቤት ሙቀቱን ያገኘነው በሌላ መንገድ ነው። ሀሳቡ የባለቤቴ ነው። ከዚያ ማታ በኋላ ስለ ድርቀቱ ሁሉንም ነገርኩት። «ታዲያ እኔን ጠልተሽ አይደለም?» አለኝ። «አይደለም» ስለው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከዚያ ተራውን ጄል ሳመጣ ቀዝቃዛ ሆነብኝ፤ የአዲስ አበባን የነሐሴ ብርድ ታውቁታላችሁ። እሱ ተነስቶ ከፔርሙስ ለብ ያለ ውሃ በብርጭቆ ቀዳ። ቱቦዋን ክዳኗን አጥብቆ ውሃው ውስጥ አቆማት። ትንሽ ቆይቶ አወጣት፣ አደረቃት። ልጆቹ ሕፃናት ሳሉ የጡጦ ወተት እንደምንሞክረው፣ አንጓው ላይ ጠብ አድርጎ ሞከራት። ከዚያ የኔን እጅ ይዞ በኔም አንጓ ላይ አደረገ። «እንዲህ ይሁን?» አለኝ።

ለብ ያለ እንጂ የሚፈላ ውሃ አይሁን። ማይክሮዌቭም አይነካ፤ ውስጡ እኩል ስለማይሞቅ አንዱ ቦታ ያቃጥላል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ባለቤቴ እንደገና ዱባይ ሄደ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ ላይ ፎቶ መጣ። የጠርሙስ ጀርባ ነው። ሁለተኛ ፎቶ መጣ፤ የሌላ ጠርሙስ ጀርባ። ፊታቸውን ጭራሽ አላነሳቸውም። በሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ቃል በጣቱ እያመለከተ ነው ያነሳው።

«አኳ ይላል። ልግዛው?» ብሎ ጽፏል።

ፎቶውን አጉልቼ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ከዚያ «ፒኤቹ ስንት ነው? የጎኑንም አንሳልኝ» ብዬ መለስኩለት።